የድሮ ዳታቤዝ ፋይል በስክሪፕት ለማንበብ የቱ መንገድ ይሻላል?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ከቆየ መሥሪያ ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከማኅበር ጋር የሠራ ሰው ይህን ዓይነት ፋይል ያውቀዋል። ከመዝገብ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ተገልብጦ በፍላሽ ይመጣል። ስሙ ስምንት ፊደል ላይ ተቆርጧል። መጨረሻው ዲቢኤፍ (ዲቤዝና ፎክስፕሮ የሚባሉት የድሮ ዳታቤዝ ፕሮግራሞች ፋይል) ወይም ኤምዲቢ (የማይክሮሶፍት አክሰስ ፋይል) ነው። ውስጡ የአባላት ስም፣ የቀበሌ ቁጥር፣ የመዋጮ ሒሳብ፣ የተማሪ ውጤት አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች ሲደርስ ብዙ ተቋማት ኮምፒውተርም ወረቀትም አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ የቆየ ኮፒ ብቻውን የቀረ ምንጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ ነው አነባበቡን በደንብ መምረጥ የሚገባን።

አብዛኛው ሰው መሣሪያ የሚመርጠው «ያለ ስህተት የከፈተልኝ የቱ ነው?» ብሎ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ከድሮ ፋይል ጋር ስትሠሩ በጣም አደገኛው ስህተት መልእክት የማያወጣው ነው። ስክሪፕቱ ቀጥ ብሎ ከቆመ ችግሩ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ዝም ብሎ አንብቦ የተሳሳተ ቀን ወይም የጎደለ ስም ከሰጣችሁ ግን ነገሩ የሚታወቀው አንድ አባት የጡረታ ጉዳያቸውን ሊያስፈጽሙ ሲመጡ ነው። ከታች ያሉትን መንገዶች የማወዳድረው በዚህ ሚዛን ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን ለዩ

ዋናውን ፋይል አትንኩት። ኮፒ አድርጉና በኮፒው ሥሩ። ኮፒ ስታደርጉ ደግሞ ዲቢኤፉን ብቻ ለይታችሁ አትውሰዱ፤ ፎልደሩን በሙሉ ውሰዱ። በዲቤዝና በፎክስፕሮ ረዥም ጽሑፍ፣ ለምሳሌ «አስተያየት» የሚለው ዓምድ፣ በሌላ ፋይል ነው የሚቀመጠው፤ ሜሞ ይባላል። በዲቤዝ መጨረሻው ዲቢቲ፣ በፎክስፕሮ ደግሞ ኤፍፒቲ ይላል። እሱ ከቀረ ጽሑፉ ቀረ ማለት ነው። ሲዲኤክስ፣ ኤንዲኤክስ፣ አይዲኤክስ የሚሉት የማውጫ ፋይሎች ግን ለማንበብ አያስፈልጉም።

የፋይሉን ዓይነት የሚነግራችሁ ከስሙ ይልቅ የመጀመሪያው ባይት ነው። ባይቶቹን በቁጥር በሚያሳይ የሄክስ ፕሮግራም ክፈቱት። 03 ከሆነ ሜሞ የሌለው ዲቤዝ 3 ነው። 83 ከሆነ ሜሞ ያለው ዲቤዝ 3፣ 30 ከሆነ ቪዥዋል ፎክስፕሮ ነው። የአክሰስ ፋይል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያው ላይ «ስታንዳርድ ጄት ዲቢ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ታገኛላችሁ። አንዳንዴ ኤምዲቢ የተባለው ፋይል ስሙን ሰው የቀየረው ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ይህን ሳታዩ ድራይቨር (ፕሮግራሙን ከፋይሉ ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር) ስትቀያይሩ መዋል የለባችሁም።

ኤክሴል ወይም ሊብሬኦፊስ ካልክ

ሁለቱም ዲቢኤፍ ይከፍታሉ። ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን ለማየት ከዚህ የቀለለ የለም። ካልክ ሲከፍት የፊደል ስብስቡን ስለሚጠይቃችሁ የተለያየ ምርጫ ሞክሮ ማየት ይቻላል።

ከዚያ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩበት ተራ ጽሑፍ) አድርጎ አስቀምጦ ስክሪፕቱን በሲኤስቪው ላይ ማስሮጥ ግን ጣጣ አለው። ሲኤስቪውን ኤክሴል እንደገና ሲከፍተው በዜሮ የሚጀምር ነገር ሁሉ ዜሮው ይበላል። የደሴ ስልክ በ033 ነው የሚጀምረው፤ በ33 የሚጀምር ሆኖ ታገኙታላችሁ። የቀበሌ ኮድ 07 የነበረው 7 ይሆናል። ቀኑም በኮምፒውተሩ አገርና ቋንቋ ምርጫ መሠረት ይገለበጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም የስህተት መልእክት አይወጣም። ስለዚህ ለማየት ተጠቀሙበት፣ ለማሻገር አትጠቀሙበት።

ፓይተንና ዲቢኤፍ-ሪድ

ለዲቢኤፍ ፋይል የምመርጠው ይህን ነው። ዲቢኤፍ-ሪድ ትንሽ የፓይተን ላይብረሪ ነው። ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሠራል፣ ድራይቨር አይፈልግም፣ ፋይሉን አይነካም። ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ሲቸግረው መቆሙ ነው። የሚያወጣቸው ስህተቶች ጥቂት ናቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው የዩኒኮድ ዲኮድ ስህተት ነው፤ ባይቱን ወደ ፊደል መቀየር አልቻልኩም ማለት ነው። ዲቢኤፍ ራስጌው (የፋይሉ መግቢያ ክፍል) ላይ የትኛው ኮድ ፔጅ (የባይትና የፊደል ማዛመጃ ሠንጠረዥ) እንደተጠቀመ የሚናገር አንድ ባይት አለው። በብዙ የድሮ ፋይል እሱ ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ ላይብረሪው አስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ያለው ኮድ) ነው ብሎ ይጀምርና ከ127 በላይ የሆነ የመጀመሪያውን ባይት ሲያገኝ ይቆማል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ነገር ያሳዝነኛል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ምክር ይዞ «ስህተቱን እለፈው» የሚለውን አማራጭ ያስገባል። ስክሪፕቱ ይሮጣል። ግን የተዘለሉት ባይቶች የአማርኛ ፊደላት ራሳቸው ናቸው! ሰይድ የነበረው ስም ሁለት ፊደል ብቻ ይዞ ይቀራል፣ እሱንም ማንም አያየውም።

ሌላው የተለመደ ምርጫ ሲፒ 1252 የሚባለው የዊንዶውስ ኮድ ፔጅ ነው። እሱም አይበቃም። በፓይተን ውስጥ አምስት ባይቶችን አያውቅም፤ በሄክስ 81፣ 8ዲ፣ 8ኤፍ፣ 90 እና 9ዲ። ከነዚህ አንዱን ሲያገኝ ይቆማል። የሚያዋጣው ላቲን-1 ነው። ላቲን-1 ለ256ቱም ባይት አንድ አንድ ምልክት አለው፣ ስለዚህ ምንም አይጥልም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ዝብርቅርቅ ነው፤ አይዟችሁ፣ ሁሉም ባይት በቦታው አለ። ወደ ፊደል መመለሱ ቀጣይ ሥራ ነው፣ ከታች እመጣበታለሁ።

ሁለተኛው ስህተት የሜሞ ፋይል ጠፋ የሚለው ነው። ላይብረሪው ይህን እለፈው የሚል አማራጭ አለው። መጀመሪያ ግን ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ተመለሱና ፈልጉ። የሌለ መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ እለፉት፣ የትኛው ዓምድ እንደጎደለም ጻፉ።

ሦስተኛው ልክ ያልሆነ ቀን የሚለው ነው። ዲቢኤፍ ቀንን በስምንት አኃዝ ነው የሚያስቀምጠው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። በፈረንጅ አቆጣጠር የሌለ ቀን ሲገኝ ላይብረሪው ይቆማል። ላይብረሪው ውስጥ መስኮቹን የሚያነበውን ክላስ (ፊልድ-ፓርሰር) ወርሳችሁ የቀኑን ተግባር ብቻ መለወጥ ትችላላችሁ። ማንበብ ያልቻለውን ቀን ባዶ አድርጎ እንዳይመልስ፤ ጥሬውን ጽሑፍ እንዲመልስላችሁ አድርጉ።

አራተኛው ስህተት ሳይሆን የተረሳ ነገር ነው። በዲቤዝ «ሰርዝ» ማለት ማጥፋት አይደለም። የመዝገቡ መጀመሪያ ላይ የኮከብ ምልክት ይደረግበትና ፓክ የሚባለው ትእዛዝ እስኪሰጥ እዚያው ይቆያል። ዲቢኤፍ-ሪድ እነዚህን ለብቻ ይሰጣችኋል። አውጧቸውና በሌላ ሠንጠረዥ አስቀምጡ። ትምህርት ቤት ውስጥ ከሆነ «የተሰረዙት» ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ የተዛወሩ ተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ፣ አንድ ቀን ማስረጃ ፈልገው ይመጣሉ።

አምስተኛው ከመብራት ጋር የተያያዘ ነው። ፕሮግራሙ ተከፍቶ መብራት ከጠፋ ራስጌው ላይ ያለው የመዝገብ ብዛት ሳይታደስ ይቀራል። ለመፈተሽ ቀላል ሒሳብ አለ። የፋይሉን መጠን ውሰዱ፣ የራስጌውን ርዝመት ቀንሱ፣ ለአንድ መዝገብ ርዝመት አካፍሉ። ለምሳሌ ዘጠኝ ዓምድ ያለው የዲቤዝ 3 ፋይል ራስጌው 321 ባይት ነው። አንዱ መዝገብ 120 ባይት ከሆነና ፋይሉ 1,200,322 ባይት ከሆነ፣ የመጨረሻውን የማብቂያ ባይት ስታወጡ 10,000 መዝገብ አለ ማለት ነው። ራስጌው 9,870 ካለ 130 ሰው ተደብቋል። አንዳንድ መሣሪያ ራስጌውን ያምናል፣ አንዳንዱ እስከ ፋይሉ መጨረሻ ይሄዳል። ሁለት መሣሪያ ከአንድ ፋይል የተለያየ ቁጥር ከሰጣችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን ቼክ ሳያደርጉ ማለፍ አይገባም።

አክሰስ ከሆነስ?

ሁለት መንገድ አለ። ዊንዶውስ ላይ በኦዲቢሲ (ፕሮግራምን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ መንገድ) ድራይቨር መገናኘት፣ ወይም ሊኑክስ ላይ ኤምዲቢ-ቱልስ የሚባሉትን መሣሪያዎች መጠቀም።

በዊንዶውሱ መንገድ ሰውን የሚያሰለቸው «የዳታ ምንጩ ስም አልተገኘም፣ ድራይቨርም አልተገለጸም» የሚለው መልእክት ነው። ዘጠና በመቶ ጥፋቱ የእናንተ ኮድ ይመስላችኋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የቢት ጉዳይ ነው። ፓይተኑ 64 ቢት ሆኖ የተጫነው የአክሰስ ድራይቨር 32 ቢት ከሆነ አይተያዩም። መጀመሪያ ፓይተን የሚያያቸውን ድራይቨሮች ዘርዝሩ። ከሌለ ፓይተኑን ከድራይቨሩ ጋር አንድ ዓይነት አድርጉት።

ሌላው ጣጣ እድሜው ነው። አክሰስ 97 የሠራውን ፋይል አክሰስ 2013ም ሆነ ከዚያ በኋላ የመጡት አይከፍቱትም። ለዚህ ኤምዲቢ-ቱልስ የተሻለ ነው። የፋይሉን ሥሪት ይነግራችኋል፣ ሠንጠረዦቹን ይዘረዝራል፣ እያንዳንዱን ወደ ሲኤስቪ ያወጣል። አክሰስ 97 ጽሑፍን በኮድ ፔጅ ነው ያስቀመጠው፤ ከ2000 ጀምሮ ያለው በዩኒኮድ ነው። ስለዚህ የ97 ፋይል ከሆነ ለኤምዲቢ-ቱልስ የፊደል ስብስቡን ለይታችሁ መንገር አለባችሁ። ጃቫ ለሚችል ሰው ደግሞ ጃክሰስ የሚባለው ላይብረሪ አለ፣ የ97ንም ያነባል።

እኔ ብጠየቅ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ ኤምዲቢ-ቱልስን ነው የምለው። ከሌለ ግን ኦዲቢሲው ከቢቱ ጣጣ በኋላ በደንብ ይሠራል። በቃ፣ በዚህ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

የድሮውን ፕሮግራም ራሱን ማስነሳት

ዶስ-ቦክስ በሚባለው ፕሮግራም የዶስ ጊዜውን ሶፍትዌር ዛሬ ባለው ኮምፒውተር ላይ ማስነሳት ይቻላል። ፋይሉ የይለፍ ቃል ወይም የራሱ የሆነ አሠራር ካለው ከዚህ ውጭ አማራጭ ላይኖር ይችላል። ሌላ ጥቅምም አለው። የድሮው ሪፖርት ምን ይመስል እንደነበር፣ ድምሩ ስንት እንደሚል ታያላችሁ። ያንን ድምር ከስክሪፕታችሁ ድምር ጋር ማስተያየት ከማንኛውም ፈተና ይበልጣል። ጉዳቱ አዝጋሚነቱ ነው፤ ፕሮግራሙንም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። በኮፒ ላይ ብቻ አስነሡት፤ አንዳንዱ ገና ሲከፈት ፋይሉ ላይ ይጽፋል።

ቤተ መጻሕፍት ከሆነና ኤምኤስቲ የሚል ፋይል ካገኛችሁ የዩኔስኮው የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም አይሲስ የሠራው ነው። እሱን በዲቢኤፍ መሣሪያ ለማንበብ አትድከሙ። ፕሮግራሙ ራሱ አይኤስኦ 2709 በሚባለው ቅርጽ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ለስክሪፕት ቀላል ነው።

ፊደሉ፦ ሁሉም መሣሪያ የማይፈታው

እስካሁን ያልኩት ባይቱን በደኅና ስለማውጣት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ያለ ተጨማሪ ፎንት መታየት የጀመረው ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም ፊደሉን በላቲን ቦታዎች ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ዳታቤዙ የሚያውቀው የላቲኑን ኮድ ብቻ ነው። «ወ» ሆኖ እንዲታይ ያደረገው ፎንቱ ነበር። አንዱ ፎንት ያስቀመጠበት ቦታ ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ ትክክለኛውን የመቀየሪያ ሠንጠረዥ ለመጠቀም የፎንቱን ስም ማወቅ ግድ ነው።

የፎንቱ ስም ደግሞ ዲቢኤፍ ውስጥ የለም። በአክሰስ ቢሆን የሚገኘው ከሠንጠረዡ ይልቅ ፎርሙ ላይ ነው። ሠንጠረዡን ብቻ አውጥታችሁ ኤምዲቢውን ከጣላችሁት ያንን ፍንጭ ትጥሉታላችሁ። ፎርሙን በንድፍ መልኩ ክፈቱና የጽሑፍ ሳጥኑን ፎንት እዩ። የአሮጌውን ኮምፒውተር የፎንት ፎልደርም ኮፒ አድርጉ። ከሁሉ የሚሻለው መረጃውን ያስገቡትን ሰው ማግኘት ነው። ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተዋል እንጂ እዚሁ ናቸው። «እትዬ፣ ይሄን በየትኛው ፎንት ነበር የምትጽፉት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከመልሱ ጋር የኮዶቹንም ትርጉም ይነግሯችኋል።

ማረጋገጫው የቦታ ስም ነው። የወረዳ ዓምድ ውስጥ ኩታበር፣ ተሁለደሬ፣ ለጋምቦ፣ ወረባቦ፣ መቅደላ ይኖራሉ። ትክክለኛ ስማቸውን ስለምታውቁ፣ ከተቀየረው ጋር አስተያዩት። አንድ ፊደል ሁሌም የሚሳሳት ከሆነ ሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ጎድሏል ማለት ነው። ሐይቅን በ«ሐ»ም በ«ሀ»ም ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ያ የጸሐፊው ልማድ ነው፣ አታርሙት። ለፍለጋ የሚሆን የተስተካከለ ዓምድ ጎኑ ላይ ጨምሩ። ስሙ በላቲን ፊደል ተጽፎ ከሆነም እንደዚሁ፤ መሐመድ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ወሎ ላለ ሰው አይነገርም።

የአውራጃ ዓምድ ካለ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ወሎ ክፍለ ሀገር በነበረ ጊዜ አምባሰልና ቃሉ አውራጃዎች ነበሩ። ዛሬ ወረዳዎች ናቸው። ስሙ አንድ ነው፣ አውራጃው ግን ከወረዳው ይሰፋ ነበር። ስክሪፕታችሁ ስሙን አይቶ ሁለቱን ቢያገናኝ ምንም ስህተት አያወጣም፣ ውጤቱ ግን ልክ አይሆንም።

ቀኑ፦ ከሁሉ የሚብሰው

ዲቤዝም አክሰስም የሚያውቁት የፈረንጁን ወር ብቻ ነው። የእኛ ሰው ግን የጻፈው በእኛ ነው። የጥቅምት ወር ቁጥሩ 2 ነው። ጥቅምት 30 ሲጻፍ ማሽኑ የፌብሩዋሪ 30 ነው ብሎ አልቀበልም ይላል። ጥቅምት 29ም ዓመቱ 1984 ወይም 1988 ዓይነት ካልሆነ አያልፍም። ጸሐፊዋ ምን ታድርግ? 28 ብላ ታስገባለች፣ ወይም ወደ ኅዳር 1 ትገፋዋለች። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነ ጭራሽ ቦታ የለውም።

አክሰስ ላይ ያለው ይከፋል። ቀን ቀድሞ ወር በሚከተልበት ኮምፒውተር ላይ ጳጉሜን 5 ቀን 1985ን 5/13/1985 ብሎ የጻፈ ሰው ስህተት አይወጣለትም። አክሰስ 13ኛ ወር እንደሌለ ሲያይ ቦታውን ያገላብጥና ወር 5፣ ቀን 13 አድርጎ ያስቀምጠዋል። በእኛ ሲነበብ ጥር 13 ሆነ። የትኛውም መሣሪያ ይህን አያርምም፤ ሁሉም ቀጥ አድርገው ያነቡታል።

የቀን ዓምዱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ለማወቅ ጥሩ ዘዴ አለ። ቀን 31 የሚል መዝገብ ፈልጉ። የእኛ ወር ከ30 አያልፍም። በሺዎች ከሚቆጠር መዝገብ ውስጥ አንድም 31 ከሌለ በእኛ ነው የተጻፈው። 31 በየቦታው ካለ በፈረንጅ ነው። ከተወሰነ ዓመት በኋላ ብቻ 31 መታየት ከጀመረ በመሃል አሠራር ተቀይሯል። ቀጥሎ በ28/2 እና በ1/3 የተከማቹትን ቁጠሩ። ከሌሎቹ ቀናት ጎልተው ከወጡ የተገፉት ጥቅምቶች እነሱ ናቸው። ባለሁለት አኃዝ ዓመት የሚጠቀም ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ከመስከረም 2000 ዓ.ም. በኋላ የተጻፈውን እዩ፤ 00 የተባለው 1900 ሆኖ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

የቀን መቀየሪያ ኮዳችሁን በሚታወቅ ቀን ፈትኑት። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ጳጉሜን 6 ያለባቸውን ዓመታትም ሞክሩ፤ 1995፣ 1999፣ 2003፣ 2007።

የቱን ለማን?

ፋይሉ ዲቢኤፍ ከሆነ ዲቢኤፍ-ሪድን በላቲን-1 ተጠቀሙ። አክሰስ 97 ከሆነ ኤምዲቢ-ቱልስ፣ ከዚያ በኋላ ያለ አክሰስ ከሆነ ከሁለቱ ለእጃችሁ የቀረበውን። መሣሪያው ሁሉ እምቢ ካለና ፋይሉ ዲቢኤፍ ከሆነ የራሳችሁን ባይት አንባቢ ጻፉ፤ ቅርጹ ቀላል ነው፣ የኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተማሪ በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ነው። ኤክሴልንና ካልክን ለማየት ያዙ።

ያነበባችሁትን ወደ ዲቢኤፍ አትመልሱት። በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ በባይት የሚጻፍበት መንገድ) አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ 20 ባይት ስፋት ያለው የስም ዓምድ ስድስት ፊደል ብቻ ያስገባል። ኤስኪውኤል-ላይት በሚባለው ባለአንድ ፋይል ዳታቤዝ ውስጥ አስቀምጡት። ለእያንዳንዱ መዝገብ ጥሬውን ጽሑፍ፣ የተቀየረውን ፊደል፣ ጥሬውን ቀንና የተቀየረውን ቀን ጎን ለጎን ያዙ። የተጠራጠራችሁበት መዝገብ ላይ ምልክት የሚደረግበት ዓምድም ይኑረው። ለቢሮው ሰው በኤክሴል የሚከፈት ሲኤስቪ ስትሰጡ «ዩቲኤፍ-8 ሲግ» የሚለውን ምረጡ፤ ያለዚያ ኤክሴል አማርኛውን እንደገና ያዘበራርቀዋል።